የሴቼንቶ ዘመን ቤንዚን

ሴቼንቶ ታክሲ ሞተሩ ከኋላ ነበር። የፒያሳን ዳገት ስትወጣ መንተፋተፍ ከጀመረች ሾፌሩ ጥግ ያስይዛትና የኋላውን ክዳን ያነሳል። ካንዴላውን ይፈታል፣ በሽቦ ቡርሽ ይፈገፍገዋል፣ ከዚያ እፍ! ግራጫው ብናኝ ፊቱ ላይ ይበተናል። እኛ ልጆች ከበነው ቆመን የቤንዚኑን ሽታ እንስባለን። ደስ ይል ነበር፣ ምን ይዋሻል።

ብናኙ ውስጥ እርሳስ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1921 ቶማስ ሚጅሊ በጄኔራል ሞተርስ ላቦራቶሪ እርሳስ ያለበት ቅመም ቤንዚን ላይ ሲጨመር ሞተር ማንኳኳቱን እንደሚተው ደረሰበት። ከዚያ ወዲህ ዓለም ያንኑ ሲያቃጥል ኖረ። እርሳስ የልጅ አእምሮ ይጎዳል፤ በጭሱ ውስጥ ሲመጣ ደግሞ አይሸትም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። አየሩ ስስ ስለሆነ በዚያ ዘመን ሞተር ውስጥ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ማንኳኳቱም እንደ ቆላው አይበረታም። የእርሳሱ ጥቅም እዚህ ያነሰ ነበር ማለት ነው፤ መርዝነቱን ግን ከፍታ አይቀንሰውም። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተርም እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል። የተረፈው በወጉ ሳይነድ ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር በማርሚታ ይወጣል። ስንስበው የነበረው ሽታም ካንሰር አምጪ ቅመም አያጣውም።

እርሳሱ የሄደው ያለ ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የ25 አገሮች ተወካዮች ዳካር ላይ ተሰብስበው ከ2005 ሳያልፍ እንዲቀር ተስማሙ፤ ገደቡ ሲደርስ ኢትዮጵያም ተገላግላ ነበር። ማደያው ያው፣ ቀጂው ያው፤ ሰፈር ውስጥ ያወራው ሰው አላስታውስም። አልጄሪያ ግን እስከ 2021 ቆየች፤ ከዓለም የመጨረሻዋ እሷ ናት።

ወሬ የበዛው እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኤታኖል የተባለ አልኮል መቀላቀል ሲጀመር ነው። ኤታኖሉ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ነበር። ኦክስጅን ይዞ ስለሚገባ ቤንዚን ለሚያበዛ አሮጌ ካርቡራተር ደህና መድኃኒት ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱን ይቀንሳል። ይህን ለጎረቤታችን የላዳ ሾፌር ማን ያስረዳው! «ቤንዚናችንን አረቄ አጠጡብን» እያለ ሲያማርር ከረመ።