መጽሐፍ የጫነው ጋሪ

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ሐዋሳ ገባን። ከተማዋ ሐይቅ ዳር ናት። በመንገድ ላይ የአህያ ጋሪ አየን። የሰማነው ነገር ትዝ አለን።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ እዚሁ ሐዋሳ የአህያ ጋሪ ለልጆች መጽሐፍ ጭኖ ይዞር ነበር። እህል አይደለም፣ እንጨትም አይደለም፤ መጽሐፍ! ልጆቹም ከበው ያነቡ ነበር።

ይህን የጀመሩት የነጌሌ ቦረናው ተወላጅ አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ናቸው። እሳቸው ከትምህርት መጽሐፍ ሌላ መጽሐፍ ያነበቡት ገና በ19 ዓመታቸው ነው። በኋላ አሜሪካ አገር በቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ ለልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ቢፈልጉ አጡ። ስለዚህ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጻፉ።

እናንተም ፊደል ዘግይታችሁ ብትቆጥሩ አልረፈደም። ማታ ከእራት በኋላ ለልጆቻችሁ አንድ ገጽ አንብቡላቸው። የምታውቁትንም ተረት ጽፋችሁ አቆዩላቸው።