ሳይከፍሉ የሚቀበሉት

ልጆች ሆይ፥ ደመወዝና ስጦታ አንድ አይደሉም። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲፈልጥ የዋለ ሠራተኛ ማታ ገንዘቡን በተቀበለ ጊዜ አሠሪው የድካሙን ዋጋ ከፈለው እንጂ ቸርነት አላደረገለትም። ቢከለክለውም ወደ ዳኛ ሄዶ ሊከሰው ይችላል። ስጦታን ግን በዳኛ ፊት የሚጠይቅ የለም። ሰጪው ስለ ወደደ ይሰጣል፤ ተቀባዩም እጁን ይዘረጋል። በመጽሐፍ ቅዱስ ጸጋ የተባለው እንዲህ ያለው ስጦታ ነው፤ እምነትም የተዘረጋችው እጅ ናት። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት፥ በሁለተኛው ምዕራፍ፥ ሰው የሚድነው በዚህ መንገድ እንደ ሆነ ያስተምራል።

ይህ ነገር ለመናገር ቀላል ነው፤ ለማመን ግን ይከብዳል። ሴት አያቴ በመጨረሻው ሕመማቸው ሳሉ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አጡ። አንድ ቀን ጠርተውኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፥ ከልጅነቴ ጀምሬ ጾሜአለሁ፤ ለድኻም እንደ አቅሜ ሰጥቻለሁ። ነገር ግን በክፉው ዘመን የጎረቤቴን ልጅ እህል ሳልሰጠው ከደጄ መልሼዋለሁ። ሚዛኑ ወደ የት የሚያጋድል ይመስልሃል?»

ጾም መልካም ነው፤ ምጽዋትም መልካም ነው። ይሁን እንጂ አያቴ የሠሩትን ሁሉ በሚዛኑ ላይ ቢያደርጉትም ያ ልጅ ከዐይናቸው አልጠፋም። እኔም ስለ ሚዛኑ በመመለስ ፈንታ የአንድ ሰው ታሪክ ነገርኋቸው።

በኢሉባቦር፥ በሁሩሙ አጠገብ፥ በ1856 ዓመተ ምሕረት ገደማ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ አንድ ልጅ ተወለደ። ወላጆቹ ሂካ ብለው ሰየሙት፤ በኦሮምኛ የሚተረጕም፥ የሚፈታ ማለት ነው። አባቱ የሞተበት በአራት ዓመቱ ነው። በ1869 ባሪያ ነጋዴዎች ሰረቁት፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ስምንት ጌቶች ገዙት። እስቲ አስቡ፤ በአንድ ዓመት ገደማ ስምንት ጊዜ ጌታ ሲለወጥበት! በ1870 ምጽዋ በደረሰ ጊዜ ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ የስዊዝ አገር ሰው ነጻ አወጣው፤ በዚያው በነበረው በስዊድን ሚሲዮን ዘንድም ገብቶ እንዲማር አደረገው።

አያቴ ጸጥ ብለው ይሰሙ ነበርና «ያ ልጅ ለፈታው ሰው ምን ከፈለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ምንም አልከፈለም፤ ምን ነበረውና» አልኋቸው።

«ወደ ኋላስ ዋጋህን አምጣ አላሉትምን?»

«አላሉትም።»

ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «እንግዲያስ ባዶ እጅም ይዘረጋል» አሉ። እስኪያርፉ ድረስም ሚዛኑን ዳግመኛ አላነሡብኝም። ያንን የተመለሰ ልጅ ግን አንሥተው፥ ቤተ ሰቡ ተፈልጎ አንድ ቍና ጤፍ እንዲሰጠው አዘዙ። ከፍርሃት የተነሣ እንዳላዘዙት ከፊታቸው ዐወቅሁ።

ምሳሌ ሁሉ ጎዶሎ ነው። ሙንዚንገር ያንን ልጅ ነጻ ሲያወጣው ሕይወቱን አልሰጠም፤ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ግን እኛን ከኃጢአት ለመፍታት በመስቀል ላይ ሞተ። ስጦታ ለተቀባዩ ያለ ዋጋ ቢሆንም ለሰጪው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም።

ልጁ በ1872 በፋሲካ ቀን ተጠምቆ ኦኔሲሞስ ተባለ። ይህን ስም ከመልእክተ ፊልሞና ታውቁታላችሁ። የቀድሞው ኦኔሲሞስ ከጌታው ከፊልሞና ቤት የወጣ ባሪያ ነበረ፤ የስሙም ትርጓሜ የሚጠቅም ማለት ነው። ጳውሎስ ታስሮ ሳለ ለፊልሞና ደብዳቤ ጽፎ፥ ኦኔሲሞስን እንደ ወንድም እንዲቀበለው ለመነው፤ ዕዳ ቢኖርበትም ራሱ ጳውሎስ እንደሚከፍል በገዛ እጁ ጻፈ። አጭር መልእክት ናት፤ እኔ ግን ጸጋ ምን እንደ ሆነ ለሚጠይቀኝ ሰው ከሁሉ አስቀድሜ እርስዋን አነብለታለሁ።

አሁን ከእናንተ መካከል ብልህ የሆነው፦ «መዳን ያለ ዋጋ ከሆነ መልካም ሥራ ለምን ያስፈልጋል? ተቀምጠን አንበላምን?» ሳይል አይቀርም። ጥያቄው የቆየ ነው፤ ጳውሎስንም ጠይቀውታል። እኔ ግን ዘወር ብዬ ኦኔሲሞስ ነሲብን አያለሁ። ነጻ ከወጣ በኋላ በስዊድን አገር አምስት ዓመት ያህል ተማረ። በ1881 ወደ ተወለደበት ሕዝብ ለመድረስ ጕዞ ጀመረ፤ መንገዱ ግን አልቀናለትም። ስለዚህ በእምኩሉ ተቀምጦ መጻሕፍትን ወደ ኦሮምኛ መለሰ። አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በስዊዝ አገር፥ በቅዱስ ክሪሾና፥ ታተመ። ወደ ነቀምቴም የደረሰው በ1904 ነው፤ ከእስራቱ ከተፈታ ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። በ1931 እስኪሞት ድረስም አስተማረ።

ይህን ሁሉ ድካም ነጻነቱን ለመግዛት ደከመ እንዳትሉ፤ ነጻነቱንማ ገና በልጅነቱ ተቀብሎት ነበር። ስምንት ጌቶች ሲያሠሩት የሠራው ሥራ የት እንደ ደረሰ የሚያውቅ የለም። ጌታ ሳያስገድደው የሠራው ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።

በዚህ ሥራ ብቻውን አልነበረም። አስቴር ጋኖ የምትባል፥ እርስዋም ከባርነት የወጣች ሴት፥ የሕዝብዋን ቃላትና ተረቶች እየሰበሰበች ትረዳው ነበር። ሁለቱም በ1894 ለኦሮሞ ልጆች የንባብ መማሪያ መጽሐፍ አወጡ። የጻፉበትም ፊደል እናንተ አሁን በጣታችሁ እየተከተላችሁ የምታነቡት ይኸው ፊደል ነው።