ባለፈረሱ

ሥራ ቦታ ለአንድ አፕ ምስል የሚያጎላ ኮድ እየጻፍኩ ነበር። ለመሞከሪያ ጥራት ያለው ምስል ስፈልግ የፈረንሳዊው ሠዓሊ የዣን ፍራንሷ ሚሌ «ቃራሚዎቹ» እጄ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1857 ፓሪስ ለእይታ የቀረበ ሥዕል ነው፤ አሁን እዚያው ኦርሴ ሙዚየም ይገኛል።

ሦስት ሴቶች ናቸው። ሁለቱ ጎንበስ ብለው ከአጫጆች የተረፈውን ዛላ ይለቅማሉ፤ ሦስተኛዋ በከፊል ቀና ብላለች። ከኋላቸው፣ ራቅ ብሎ፣ የእህል ክምር ይታያል፤ ጋሪ ይጫናል፤ ብርሃኑም ያለው እዚያ ነው። ሜዳው ራሱ ደረጃ አለው፤ ሀብቱ ወደ ሰማዩ ተጠግቷል፣ የሴቶቹ ትከሻ ግን ከአድማሱ በታች ቀርቷል። በጊዜው ብዙ የፓሪስ ባለጸጎች ሥዕሉን አልወደዱትም። የ1848ቱ አብዮት ካለፈ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ድሃ እንዲህ ገዝፎ መሳሉ አስፈራቸው።

ይህን ሁሉ አንብቤ ነው ለእማዬ ያሳየኋት። እማዬ ያደገችው አርሲ ገጠር ነው። ስለ ብርሃኑ ላስረዳት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ይሄ ባለፈረሱ ወኪሉ ነው?»

የምን ባለፈረስ? አጎላሁት። እውነትም በስተቀኝ፣ ከሩቅ፣ ፈረስ ላይ ሆኖ ሥራውን የሚቆጣጠር ሰው አለ። ሳምንት ሙሉ ሳጎላና ሳሳንስ የከረምኩት እኔ አላየሁትም።

«እንዴት አየሽው?»

«ስትቃርም መጀመሪያ የምታየው እሱ የት እንዳለ ነው እኮ፣ ልጄ። ፊቱን ሲያዞር ትለቅማለህ።»

እማዬ ቃርማ እንደምታውቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት፣ በልጅነቷ፣ በሰው ማሳ ላይ፣ ከእናቷ ጋር። ለምን እስከዛሬ እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት «ምኑ ይወራል?» አለች።

ሥዕሉን አንብቤ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። ለካ እኔ ያየሁት ጎንበስ ያሉትን ሰዎች ብቻ ነው፤ ከፈረስ ላይም የሚታየው ይኸው ነው። እማዬ ግን ከመሬቱ ሆና ነው ያየችው።

ስልኩን ስትመልስልኝ በጣቷ ሦስተኛዋን ሴት ነካች። «እቺ ወገቧን አሟታል» አለች።