ይህን ቁጥር ከማን ሰማኸው?



የመመረቂያ ጽሑፌን የምሠራው በጋላክሲዎች ብርሃን ላይ ነው። ብርሃኑ በስፔክትረም ሲዘረጋ ደማቅና ጥቁር መስመሮች ይታያሉ፤ እያንዳንዱ የአንድ ንጥረ ነገር አሻራ ነው። የትኛው የማን እንደሆነ ለመለየት የመስመሮች ዝርዝር ያስፈልጋል። የምጠቀምበት ስፔክቪዝ የተባለው ሶፍትዌር የራሱ ዝርዝሮች አሉት፤ የፈለጋችሁት ከሌለ ደግሞ የራሳችሁን ሰንጠረዥ ይቀበላል። አንድ ዓምድ ለመስመሩ ስም፣ አንድ ዓምድ ለሞገድ ርዝመቱ ከነመለኪያው። በቃ።

ከእኔ በፊት የተመረቀ ወንድም ፋይሉን በፍላሽ ሰጠኝ፤ ጀዛሁላሁ ኸይረን። ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ ግን የሚናገር ነገር አልነበረበትም። የዶርም ጓደኛዬ «አስገባውና ቀጥል እንጂ፣ ዲፌንስ ደርሷል» አለኝ።

እኔ ሁለት ቁጥሮች ላይ ቆምኩ። የሃይድሮጅን አልፋ 6564.61 አንግስትሮም፣ የሶዲየም 5889.95 ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው! ችግሩ የመጀመሪያው በባዶ ህዋ፣ ሁለተኛው በአየር ውስጥ ያለው ርዝመት መሆኑ ነው። በባዶ ህዋ ሶዲየም 5891.58 ነው። ልዩነቱ ሁለት አንግስትሮም አይሞላም፤ ወደ ፍጥነት ሲቀየር ግን በሰከንድ 83 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የእኔ ስፔክትረሞች የስሎን ሰማይ ቅኝት ናቸው፤ የተዘጋጁትም በባዶ ህዋ ልኬት ነው። ፋይሉ እንዳለ ቢገባ ሶዲየም ያለበት ጋዝ ወደ ጋላክሲው ውስጥ እየወደቀ ይመስላል። የሌለውን አለ ብዬ ስሜን ልፈርምበት ነው። ሶፍትዌሩ ደግሞ አይቃወምም፤ አንግስትሮም መሆኑን እንጂ አየር ይሁን ባዶ ህዋ አይጠይቅም።

ሐዲስ ስንማር ኢስናዱን ማየት ለምደናል። ቁጥርን ከረሡል (ሰ.ዐ.ወ) ቃል ጋር ማስተካከሌ አይደለም፣ ሐሻ! «ማን ነገረህ፣ እሱስ ከማን ሰማ?» ማለት ግን ከመስጂድ ስንወጣ አብሮን የሚወጣ ልማድ ነው።

ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ በ964 እ.ኤ.አ. ገደማ ባዘጋጀው የቋሚ ከዋክብት መጽሐፍ የበጥሊሞስን ዝርዝር ተረክቧል፤ ግን ዝም ብሎ አልገለበጠም። የምድር ዛቢያ አቅጣጫውን ቀስ በቀስ ስለሚቀይር፣ በከዋክብቱ ኬንትሮስ ላይ 12 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ጨመረበት። ድምቀታቸውን ደግሞ በገዛ ዓይኑ እያየ አረመ። እኔን የሚደንቀኝ ምን ያህል እንደጨመረ መናገሩ ነው፤ ከእሱ በኋላ የመጣ ሰው መልሶ ማስላት ይችላል።

ስለዚህ ሦስት ቀን ወሰደብኝ። እያንዳንዱን መስመር ከአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ማኅደር ጋር አመሳከርኩ (እሱም ቢሆን ከ2000 እስከ 20000 አንግስትሮም ያለውን በተለምዶ በአየር ነው የሚሰጠው፤ ተጠንቀቁ)፣ ሁሉንም ወደ ባዶ ህዋ ቀየርኩ፣ ምንጩን ያላገኘሁለትን አወጣሁት። ሁለት ዓምዶችም ጨመርኩ፦ «ምንጭ» እና «አየር ወይስ ባዶ ህዋ»። እነዚህ ለሶፍትዌሩ ሳይሆን ለሰው ናቸው።

ፋይሉን የምትፈልጉ የፊዚክስ ልጆች ከዙህር በኋላ ታገኙኛላችሁ። መስመር ስትጨምሩ ከየት እንዳመጣችሁት ጻፉበት።