ሳይሰሙ መቅጣት፣ ኮርጆ መርታት



የፋይናል ሰሞን ሲደርስ «እገሌ በአጤሬራ ተያዘ» የሚለው ወሬ ይበዛል። ወሬው ከፈተናው ክፍል ወጥቶ መስጂድ ደጃፍ ለመድረስ ከዙህር እስከ ዐስር ይበቃዋል። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ገና ሳይሰበሰብ ፍርዱ በየዶርሙ ያልቃል። አንዱ «እሰይ፣ ይገባዋል» ይላል፤ ሌላው «ልጃችን አይደል፣ ሽማግሌ ይግባለት» ይላል። ቅጣቱ ሲወጣ ደግሞ «ፍርድ ቤት ልሂድ» የሚል ወንድም ይመጣና ጀመዓውን ምክር ይጠይቃል። ምን እንበለው?

ከሁሉ በፊት ስለ ኩረጃ የምንደራደረው ነገር የለም። ማታለል ሐራም ነው፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ዝናብ ያረጠበውን እህል ከደረቁ በታች የደበቀውን ነጋዴ እንዴት እንደገሠጹት ሁላችንም እናውቃለን። የተኮረጀ ዲግሪም እርጥቡን ከታች የደበቀ እህል ነው። ነገ መካነ ሰላም ሆስፒታል መድኃኒት የምትለካው ነርስ፣ ከቦረና ወደ ዓባይ በሚወርደው ቁልቁለት መንገድ የሚሠራው መሐንዲስ በአጤሬራ የተመረቁ ከሆኑ ዋጋውን የሚከፍለው የገዛ ወገናችን ነው። አገራችንም ይህን ሕመም አይታዋለች። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ይሁን እንጂ ኩረጃ ሐራም ነው ማለት የተጠረጠረ ሁሉ ኮርጇል ማለት አይደለም። ይህን ልዩነት ከኛ በፊት ተማሪዎች ችሎት ድረስ ይዘውት ሄደዋል። በህንድ አገር እ.ኤ.አ. በ1954 የሁለተኛ ደረጃ ፈተና የወሰዱ ሦስት ተማሪዎች አልፋችኋል ከተባሉ በኋላ ኮርጃችኋል ተብለው ውጤታቸው ተሰረዘ፤ የሚቀጥለውን ዓመት ፈተናም ተከለከሉ። «ምን ትላላችሁ?» ብሎ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1962 የሰጠው ውሳኔ ተማሪዎቹ አልኮረጁም የሚል አልነበረም። የሰውን ልጅ ዕድል የሚወስን አካል አስቀድሞ ሊሰማው ይገባል አለ፤ ተማሪዎቹም ረቱ።

ያው ፍርድ ቤት በ1970 ደግሞ ሌላ መልክ ያለው ጉዳይ ቀረበለት። በቢሃር ግዛት አንድ የፈተና ጣቢያ በጅምላ ተኮርጆበታል ተብሎ የሁሉም ውጤት ተሰርዞ ነበር። እዚህ ላይ ችሎቱ ለፈተና ቦርዱ ፈረደ። ማንም በስሙ ተለይቶ «አንተ ኮራጅ ነህ» አልተባለምና እያንዳንዱን መስማት ግድ አይደለም አለ። ከሁለቱ የምንማረው ግልጽ ነው። ፈተናን መድገም አንድ ነገር ነው፤ የአንድን ሰው ስም በኮራጅነት መጻፍ ግን ሌላ ነው። ስም የሚነካ ከሆነ ባለስሙ መሰማት አለበት።

ይህ ለእኛ ባዕድ ትምህርት አይደለም። በእንግሊዝ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ቤንትሊ የተባለውን ምሁር ሳይሰማ ዲግሪውን ቢገፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1723 ጉዳዩን ካዩት ዳኞች አንዱ ያስታወሰው አባታችንን አደምን ነበር፦ እርሱ እንኳ ሳይጠየቅ አልተፈረደበትም አለ። እኛም በሱረቱል አዕራፍ የምናነበው ይኸንኑ ነው፤ ጌታችን አደምንና ሐዋን ከጀነት ከማውረዱ በፊት ጠይቋቸዋል፣ እነሱም መልሰዋል። ዐሊይ (ረ.ዐ.) ወደ የመን ለዳኝነት ሲላኩም የመጀመሪያውን ሰምተህ ሁለተኛውን ሳትሰማ አትፍረድ ተብለዋል። የወሎ አበጋሮችም ደም የተቃባን ሰው የሚያስታርቁት ሁለቱንም ወገን አስቀምጠው፣ ሁለቱንም ሰምተው ነው።

ስለዚህ ሳይሰማ የተቀጣ ወንድም አቤት ቢል አመጸኛ አይባልም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 37 ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት ሰጥቶታል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ም የፌዴራል አስተዳደር ተቋማት ባለጉዳዩን እንዲሰሙ፣ ውሳኔያቸውንም በምክንያት እንዲደግፉ ያዝዛል። መንገዱ ግን ረጅም ነው። የገበሬ ልጅ ከመካነ ሰላም ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ሲመላለስ አባቱ ለዐረፋ ያሳደጉትን በግ ሊያሸጥ ይችላል። በዚያ ላይ ፍርድ ቤቱ የሚያየው በአመዛኙ የአቀጣጡን ሥርዓት ነው፤ ፈተናውን አያርምለትም።

እንግዲህ ለዚያ ወንድም የምንለው ይህን ነው። በመጀመሪያ ክሱን በጽሑፍ ጠይቅ። ያላነበብከውን ወረቀት አትፈርም። ያየ የሰማ ምስክር ካለህ ስሙን አስመዝግብ። ውሳኔውንም ምክንያቱንም በጽሑፍ ተቀበል፤ በግቢው ሕግ ያለህን የይግባኝ ቀን አታሳልፍ። በግቢ ያለው መንገድ ሲያልቅ ወደ ክስ ከመሄድህ በፊት የሕግ ባለሙያ አማክር፤ በርካታ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።

አንድ ነገር ግን ከጠበቃ በፊት ራስህን ጠይቅ፦ ኮርጀሃል ወይስ አልኮረጅክም? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንኳ በሰሙት ልክ እንደሚፈርዱ፣ በአንደበቱ ረትቶ የወንድሙን ሐቅ የወሰደ ግን የእሳት ቁራጭ እንደያዘ ነግረውናል። ፈታኙ ፊርማ ስለረሳ፣ ኮሚቴው ምልዓተ ጉባኤ ስላጎደለ ነፃ ልትወጣ ትችላለህ። የኮረጅከው ግን ኩረጃ እንደሆነ ይቀራል። ለእንዲህ ያለው ሰው የሚሻለው እውነቱን ተናግሮ፣ ቅጣቱን ተቀብሎ፣ ተውበት አድርጎ እንደገና መማር ነው። አንድ ዓመት ይዘገያል እንጂ አይጠፋም።

ንጹሕ ከሆንክ ግን አትፈር። ጀመዓውም ካንተ ጋር ፈታኝ ፊትም፣ ችሎት ፊትም ይቆማል። የቀረነው ደግሞ ወሬውን ከመቀበላችን በፊት እናጣራ፤ በሱረቱል ሑጁራት የታዘዝነው ይህንኑ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) በሐቅ ተምረው በሐቅ ከሚመረቁት ያድርገን። አሚን።