በረዶው መኪናዬ ላይ ተሳፍሮ ቤቴ ገባ!

አዲስ አበባ ላይ ጋራዥ ሲባል ትዝ የሚላችሁ መካኒክ፣ ግሪስና የተበታተነ ሞተር ነው አይደል? እዚህ ሚኒሶታ ግን መኪና የሚያድርበት ክፍል ነው፤ ከቤቱ ጋር በአንድ በር ይገናኛል። ቤት የገዛሁ ሰሞን ከሁሉ ያኮራኝ እሱ ነበር። መኪናዬ ከብርድ ዳነችልኝ ብዬ! የሰውን ነገር መቼ አሰብኩ...

በጥር ወር መኪናዬ ብቻዋን አትገባም። ፓራፋንጎዋ ሥር የተጠቀጠቀ ጥቁር በረዶ አዝላ ነው የምትመጣው። እሱ ሲቀልጥ ሊሾው ላይ ኩሬ ይሆናል። ውሃ ብቻ ቢሆን እንኳ ጥሩ! መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው አብሮት አለ። ሲደርቅ ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ጫማ ያበላሻል፣ ብረት ያዝጋል። ሲሚንቶው ውስጥ የሰረገው ውሃ ደግሞ ብርዱ ሲጠና መልሶ ይጋገራል። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ስለሚያብጥ ሊሾውን እየላጠ ያነሳዋል።

ባለቤቴ "ኧረ አንድ ነገር አድርግ" ትለኛለች። እኔ "ቅዳሜ" እላታለሁ። የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ ግን አልነገርኳትም!

ልጃችን ስትወለድ እናቴ ባለቤቴን ልታርስ መጣች። አንድ ጠዋት ቆሻሻ ልትጥል ወደ ጋራዡ ወጣች። ሌሊቱን ውጪው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ነበር፤ ኩሬው በሩ አጠገብ መስታወት መስሏል። እኔ ጢሜን እየተላጨሁ ነው። ድው! የሚል ድምፅ ሰማሁ።

የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። የልጅ ልጇን ልታቅፍ ውቅያኖስ የተሻገረች ሴትዮ ስድስት ሳምንት እጇ በጄሶ ታስሮ ሕፃኗን ከሶፋ ላይ ስታይ ከረመች። የሕክምናውን ሂሳብ አልነግራችሁም፣ ትደነግጣላችሁ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን "አባትህ እኮ ሰኔ ሳይገባ ነበር ቦይ የሚቆፍረው" ብቻ አለችኝ። በቃ፣ ሌላ ቃል አልወጣትም።

የዚያኑ ዕለት ማታ ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ ውሃውን እየገፋሁ ወደ ደጅ አስወጣሁት። ሞኝነት! ደጁ ላይ ረግቶ ሌላ መንሸራተቻ ሆነ። የበሩን ላስቲክም ከሲሚንቶው ጋር አጣበቀው፤ እኔም ሳላይ ቁልፉን ተጭኜ ሞተሩን አስጮህኩት። እንዲያ ሲሆን በረዶውን በእጅ ማላቀቅ ነው እንጂ በር ከሞተር ጋር አይታገልም።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ከመግባቴ በፊት ውጪ ቆሜ ፓራፋንጎው ሥር ያለውን በረዶ በመጥረጊያ እንጨት አራግፋለሁ። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። መኪናዋ የምታድረው ዙሪያው ከፍ ያለ የፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ነው፤ ውሃው እዚያው ይጠራቀማል። ጠዋት ውሃ በሚስብ ቫኪዩም መጥጬ ባልዲ ውስጥ እገለብጥና ቤት ውስጥ ባለው የልብስ ማጠቢያ ፍሳሽ እደፋዋለሁ። ሣሩ ላይ ከደፋችሁት ጨው ያደርቀዋል። መተላለፊያው ላይ አሸዋ እበትናለሁ፤ ተራው ጨው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይሰንፋል፣ አሸዋ ግን ብርድ አያውቅም። በጋ ሲመጣ ደግሞ ሊሾውን አጥቤ፣ በደንብ አድርቄ፣ ውሃ የማያሰርግ ፈሳሽ ቀባሁት።

አንድ ወዳጄ "ማሞቂያ ግባበት" አለኝ። አልሰማሁትም፤ ጨዋማ ውሃ ሙቀት ሲያገኝ ብረቱን ይበልጥ ይበላዋል። በረዶው ይቅለጥ ብሎ ሞተር አስነስቶ ጋራዥ ውስጥ መተውማ ጨርሶ የማይሞከር ነው፤ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ ይዟል፣ ከቤቱ ጋር ያለው ደግሞ አንድ በር ብቻ ነው!

እናቴ አገሯ ከገባች ሦስት ዓመት ሆናት። ጥር በገባ ቁጥር ትደውላለች። ስለ ልጅቷ ከመጠየቋ በፊት፣

"ውሃውን ጠረግኸው?" ትለኛለች።

"ጠርጌዋለሁ፣ እማዬ።"

"ባለቤትህን አገናኘኝ እስቲ።"

አታምነኝም!