እትዬ ምግብ ቤቱን ሲያሳድሱ

ጥምቀትን ጎንደር አክብሮ የተመለሰ ሰው የሚያወራው ስለ ታቦታቱና ስለ ፋሲለደስ መዋኛ ነው። እኔ ዘንድሮ ይዤ የተመለስኩት ግን የአንዲት ምግብ ቤት ወሬ ነው። በዓሉንማ አይቻለሁ፤ ጉልበቴ ግፊያውን ስለማይችል ከሩቅ ቆሜ ነው ያየሁት።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው። አዘዞ ወርደን፣ ከአሥራ ስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ጋር በታክሲ ወደ ፒያሳ ወጣን። ጎንደርን ለማያውቅ አንባቢ፣ ፒያሳ የሚባለው ከፋሲል ግቢ ብዙም ሳይርቅ፣ ጣሊያን ከተማዋን በ1928 ዓ.ም. ከያዘ በኋላ የሠራቸው ሕንፃዎች የተደረደሩበት ሰፈር ነው። ጦሩ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ሕንፃዎቹ ለእኛ ቀሩ። ከእነዚያ ሕንፃዎች በአንዱ ሥር ነው የእትዬ ምግብ ቤት ያለው።

እትዬን ያወቅኳቸው በ1974 ዓ.ም.፣ የነርስነት ተማሪ ሆኜ ነው። ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ስለሆነች፣ ነጭ ጋውን ለለበሰ ተማሪ ዱቤ መስጠት የተለመደ ነበር። የእትዬ የዱቤ ደብተር በሲባጎ ታስሮ ባንኮኒው ላይ ይቀመጣል። ወሩ ሳያልቅ ገንዘቤ ሲያልቅ ሽሮ አዛለሁ። እሳቸው ደብተሩ ላይ «ሽሮ» ብለው ይጽፉና ሳህኑ ላይ የተቀቀለ እንቁላል ይጨምሩልኛል። የእነዚያን እንቁላሎች ሒሳብ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም።

ዘንድሮ ስገባ ቤቱ እንዳለ አገኘሁት። ግድግዳው እስከ ደረት ድረስ ቡናማ ዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ክሬም፣ በሁለቱ መሀል ሁለት ጣት የሚያህል ጥቁር መስመር። የያኔ ሆስፒታሉም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ቀበሌውም እንዲህ ነበር የሚቀባው፤ ዘይት ቀለም በሳሙና ስለሚታጠብ ነው። አሥራ ሁለት የፎርማይካ ጠረጴዛ፣ ጠርዙ የተላላጠ። ከባንኮኒው ጀርባ የንግሥተ ሳባ ታሪክ በሣጥን በሣጥን የተሣለበት ሸራ። ከጎኑ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀሐይ» ብለው ኢትዮጵያን ለዓለም ያስተዋወቁበት የቱሪዝም ፖስተር፣ ፀሐዩ ራሱ የደበዘዘ። ኮርኒሱ የጭስ ቀለም ይዟል።

የልጅ ልጄ ዞር ዞር ብላ አየችና «እማማ፣ ይሄ ሙዚየም ነው?» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ከእኛ ሌላ ሦስት ሰው ብቻ ነበር ያለው፣ ያውም በጥምቀት ሰሞን!

ልጃቸው አሁን ሥራውን ተረክቧል። ጎልማሳ ነው፣ ትሁት ነው። ከጎኔ ተቀምጦ ሊያሠራ ያሰበውን በስልኩ አሳየኝ። ግድግዳው ጥቁር ግራጫ፣ ኮርኒሱ ጂፕሰም፣ መብራቱ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ የሚያበራ ስፖት ላይት፣ ወለሉ መስተዋት የሚመስል ሴራሚክ፣ መቀመጫው በርጩማና መሶብ። «ከተማው በኮሪደር ልማት እየታደሰ እኛ ብቻ እንዲህ ልንቀር ነው፣ ሲስተር? ወጣቱ እኮ ፎቶ የማይነሳበት ቤት አይገባም» አለኝ። አልተሳሳተም። ያረጀ ነገር ሁሉ ቅርስ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነሱ አይደለሁም። የተላላጠ ፎርማይካ ቆሻሻ ይይዛል፤ ጭስ የጠጣ ኮርኒስም ቅርስ አይባልም።

ግን ነርስ ነኝና አፌ አላረፈም። ስድሳ ያለፈው ሰው በርጩማ ላይ እንዴት ይቀመጣል? ቢቀመጥስ ማን ያነሳዋል? እሱ ወለል ላይ ደግሞ ውኃ ሲፈስ ወይም ቄጤማ ሲጎዘጎዝ የሽማግሌ ዳሌ መስበሪያ ነው የሚሆነው። እጅ መታጠቢያው ሁለት ደረጃ ወርዶ ነው፣ በዚያ ጨለማ ደረጃው ለማን ይታያል? ይህን ሁሉ ነገርኩት። ፋሲለደስ የሠራውን ልጁ ዮሐንስ እንዳላፈረሰ፣ ኢያሱም የራሱን ግንብ ከጎን እንደሠራ፣ ውስጡንም በዝሆን ጥርስና በመስተዋት አስጊጦት ነበር እንደሚባል ጨመርኩለት። ሳቀብኝ። «ሲስተር፣ ነገሥታቱ እኮ የቤት ኪራይ አይከፍሉም ነበር!» ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እናቱ አንድ ዓመት ሙሉ አላሳድስም እንዳሉት ነገረኝ። «ቀለሙን ልቀይር ስል ይቆጣሉ። ጠረጴዛ ላንቀሳቅስ ስል ይቆጣሉ። እርጅና ግትር አደረጋቸው።»

ከዚያ በኋላ እትዬን ማየት ጀመርኩ። ሰማንያን አልፈዋል፤ ቡናውን ግን ራሳቸው ነው የሚያቀርቡት። አንድ እጃቸው ላይ ስኒ፣ ሌላው እጃቸው ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይነካል፤ የጠረጴዛ ጠርዝ፣ ቀጥሎ ሌላ ጠርዝ፣ ከዚያ ግድግዳው። ፊታቸውን ወደዚያ ጥቁር መስመር አዙረው ነው የሚሄዱት። ክሬሙና ቡናማው የሚገናኙበት ቦታ ለእሳቸው መንገድ ነበር። የልጅ ልጄ ቦርሳዋን ለማስቀመጥ አንድ ወንበር ወደ መተላለፊያው ስባ ነበርና እትዬ በጉልበታቸው መቱት። ስኒው ወደቀ። «ማነው ወንበር ያንቀሳቀሰ!» ብለው ጮኹ። ልጃቸው «ይኸው፣ አየሽ» በሚል ዓይን አየኝ።

ላነሳቸው ጎንበስ ስል ፊታቸውን ከመስኮቱ ብርሃን አንፃር አየሁት። የሁለቱም ዓይናቸው ብሌን ነጭቷል። የዓይን ሞራ።

ወጥ ቤት ወስጄ ጠየቅኳቸው። «ሦስት ዓመቱ ነው» አሉኝ። «ቤቱን ስለማውቀው ዓይን አያስፈልገኝም። ለልጁ እንዳትነግሪው፣ ሲስተር። ካወቀ ቤት ያስቀምጠኛል።»

ጡረታ ብወጣም የሰው ምስጢር ጡረታ አይወጣም። ዝም አልኩ። ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ልጅየው በጥቁር ግድግዳና በስፖት ላይት እናቱን በገዛ ቤታቸው ውስጥ ሊያሳውራቸው ነው፣ ሳያውቅ። የዓይን ሞራ ማለት በዓይን ውስጥ ያለው ምስል አጥሪ ሌንስ መደፍረስ ነው። ደብዘዝ ባለ ብርሃን አያሳይም፣ በሚያንጸባርቅ ብርሃን ደግሞ ያጭበረብራል። በጠብታም ሆነ በመነጽር አይጠራም፤ በቀዶ ሕክምና ብቻ ነው የሚወጣው። አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ ብቻ ደንዝዞ በአጭር ጊዜ የሚሠራ ነው፤ ወላጆቻችን የሚፈሩትን ያህል አይደለም። አንባቢዎቼ፣ እናታችሁ ስኒውን እስኪገነፍል የምትቀዳ ከሆነ፣ ወይም ዕቃ ቦታው ተቀየረ ብላ የምትቆጣ ከሆነ፣ ጠባይዋ ተበላሸ ከማለታችሁ በፊት በብርሃን ዓይኗን እዩላት።

በማግስቱ እትዬን ደብረ ብርሃን ሥላሴ እንሳለም ብዬ ይዣቸው ወጣሁ። የልጅ ልጄም አብራን ነበረች። የዚያን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ያየ ሰው አይረሳውም፤ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ረድፍ በረድፍ ተሥለውበት፣ ትላልቅ ዓይኖቻቸው የትም ብትቆሙ እናንተን ያያሉ። የልጅ ልጄ አንገቷን ቀልሳ አፏን ከፍታ ቀረች። እትዬም ቀና አሉ። ብዙ ቆዩ።

«ድሮ ያዩኝ ነበር» አሉ። «አሁን እኔም አላያቸው፣ እነሱም አያዩኝ።»

ልጅቷ ደንግጣ እጃቸውን ያዘች። በባጃጅ ስንመለስ አንድ ቃል አልተናገሩም። ፒያሳ ስንደርስ «በይ ንገሪው» አሉኝ።

ነገርኩት። ልጅየው ባንኮኒው ላይ ክንዱን አስደግፎ ጭንቅላቱን ያዘ። «ዓመት ሙሉ ስጨቃጨቃቸው!» አለ። ከዚያ ሰው ፊት እንዳያለቅስ ወደ ጓሮ ወጣ። ቀለም ቀቢውን በዚያው ቀን በስልክ አስቀረው።

የመጀመሪያው ዓይናቸው መጋቢት ላይ ተሠራ። እኔ ከፋሲካ በኋላ ለዘመድ ሠርግ ወደ ጎንደር ተመለስኩና ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ በቀጥታ ወደ ምግብ ቤቱ ገባሁ። እትዬ በሩ ላይ ወገባቸውን ይዘው ቆመው ኮርኒሱን ያያሉ። ልጃቸው አጠገባቸው መሰላል ይዟል።

«ይሄን ጥላሸት ተሸክማችሁ ነው ዝም ያላችሁኝ?» ይላሉ። «በዚህ ነው ሰው ስናበላ የኖርነው? ያ ሁሉ ጥቀርሻ ይነሳ! ጠረጴዛውም ይውጣ!»

ጥቁሩን ግራጫ ግን አልፈቀዱም። ግድግዳውን ሰማያዊ አሉ። ለብዙ ጊዜ ሁሉም ነገር ቢጫና ቡናማ ሆኖባቸው ስለኖረ ሰማያዊ አማራቸው፤ ዓይናቸው የተሠራላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላሉ። በርጩማው ቀርቶ መደገፊያ ያለው ወንበር ይገባል፣ የደረጃው ጠርዝ ነጭ ይቀባል። ንግሥተ ሳባን እትዬ ራሳቸው «አርጅታለች፣ ትውረድ» ሲሉ ልጅየው ነው እሺ ያላለው። ሲከራከሩ ደረስኩ እንጂ ማን እንዳሸነፈ አላየሁም።

ድምፄን ሲሰሙ ዞር አሉ። ቀረብ ብለው ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ትክ ብለው አዩኝ።

«ውይ ሲስተር፣ ለካ አንቺም እንዲህ አርጅተሻል!»